ባንክ «ሲአርቢ ላይ ያልተዘጋ ብድር አለሽ» ሲል ምን ይደረጋል?

ነዋሪ_ሰንጋ_ተራ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለመኪና መግዣ ያቀረብኩት የብድር ጥያቄ «ሲአርቢ ላይ ያልተዘጋ ብድር ይታያል» ተብሎ ተመለሰ። የድሮው ብድሬ አልቋል ብዬ ነው የማውቀው። ከየት ልጀምር? ክሬዲት ስኮር (የተበዳሪነት ነጥብ) ከፍ የሚደረግበት መንገድስ አለ?

የብድር_ባለሙያ፦
እህቴ፣ ስኮሩን ለጊዜው ተዪው። ሲአርቢ የሚሉት ብሔራዊ ባንክ ያለው የብድር መረጃ ማዕከል ነው፤ ለባንኩ የሚያሳየውም ከየአበዳሪው የተላከ መዝገብ ነው፦ ማን አበደረሽ፣ ስንት፣ ስንት ቀረ፣ አከፋፈልሽ በምን ደረጃ ላይ ነው። ደረጃውን የሚወስነው ያለፈው ቀን ብዛት ነው። ክፍያው ካለፈ 30 ቀን እስኪሞላ ጤናማ ነው፤ ከ30 ጀምሮ ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል፤ 90 ሲደርስ የተበላሸ ብድር ይባላል። በ180 እና በ360 ደግሞ ይብስበታል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ከምንም በፊት 90 ቀን እንዳይሞላበት ይጠንቀቅ።

አሁን የከለከለሽን ባንክ አራት ነገር ጠይቂ፦ አበዳሪው ማን ነው፣ የትኛው ብድር ነው፣ ቀሪው ስንት ነው፣ ደረጃው ምን ይላል። ከዚያ በቀጥታ ወደ አበዳሪው ሂጂ፤ የተሳሳተውን መረጃ የሚያስተካክለው የላከው ክፍል ነው።

ሒሳብ_አዋቂ፦
«አልቋል» የሚባል ብድር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትንሽ ቀሪ ነው። የምትከፍዪው ገንዘብ መጀመሪያ ወጪና ቅጣት፣ ቀጥሎ ወለድ፣ በመጨረሻ ዋናውን ይሸፍናል። በመሃል አንድ ክፍያ ዘግይቶ ከነበረ፣ የብድሩ የክፍያ ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ክፍያ ብቻ ማስገባት አይዘጋውም። 40 ብርም ብትሆን ቀን ትቆጥራለች፤ ወለድም ይታሰብባታል።

የቁጠባ ሒሳብሽን ሳይሆን የብድር ሒሳቡን ስቴትመንት አስወጪ። ቀሪ ካለ «ዛሬ ለመዝጊያ ስንት?» ብለሽ ጠይቀሽ በዚያው ቀን ክፈዪ፤ ነገ ቁጥሩ ሌላ ነው።

ለወደፊቱም ከቁጠባ ሒሳብ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ካለሽ ልክ የወሩን ብቻ አታስገቢ። ዝቅተኛው ተቀማጭና የአገልግሎት ክፍያ ሲነካው ይጎድላል። ሠንጠረዡ በፈረንጅ ቀን ከሆነና ደመወዝሽ በእኛ ወር የሚገባ ከሆነ ደግሞ ውሉ ሲፈረም የክፍያው ቀን ከደመወዝ በኋላ እንዲሆን አስደርጊ።

ነዋሪ_ሰንጋ_ተራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አበዳሪው «እኛ ዘግተናል» ቢልና ሲአርቢ ላይ ግን ባይነሳስ?

የብድር_ባለሙያ፦
ያኔ የቃል መልስ ይዘሽ አትውጪ። በሁለት ኮፒ ደብዳቤ ጻፊ፤ ክሊራንሱን (ብድሩ መዘጋቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ)፣ ስቴትመንቱን፣ የቲን ቁጥርሽን ኮፒ አያይዢ፤ የተስተካከለው መረጃ ለብድር መረጃ ማዕከል እንዲላክ በግልጽ ጠይቂ። መዝገብ ቤት ያንቺን ኮፒ ማህተም፣ ቀንና ቁጥር ያድርግበት። ቲኑን ከመዝገቡ ጋር አስተያዪ፤ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ የሌላ ሰው ዕዳ በስምሽ ሊታይ ይችላል። መልስ ካጣሽ ያንን ኮፒ ይዘሽ ሱዳን ጎዳና ብሔራዊ ባንክ አቤት በዪ፤ መጀመሪያ አበዳሪውን መጠየቅሽን ያዩልሻል።

ዋስትና_ጉዳይ፦
አንድ ልጨምር። ለሰው ዋስ የሆንሽበት ብድር ካለ እሱንም አጣሪ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የዋስትና ውል ከፍተኛው መጠን ካልተጻፈበት አይጸናም፤ ስለዚህ ውሉ ላይ ያለውን ቁጥር እዪ። የዘጋሽው ብድር በመያዣ ከነበረም እግድ ማንሻ ደብዳቤውን ተቀብለሽ ንብረቱ የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ራስሽ አድርሺ።