ልጃችን በማን ስም ይጻፍ?

ጠያቂ፣ ከሽቱትጋርት፦
ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች። ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሷል፤ እኛ ግን ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ቦታ እስካሁን አልሞላንም። እኔ ጀርመን ውስጥ የምጠራው በአባቴ ስም ነው፣ እሷም በአባቷ። ልጁን እንደ አገራችን ወግ በእኔ ስም ካስጻፍኩት ሦስታችንም የማንተዋወቅ ሰዎች ልንመስል ነው። ለመጀመሪያው ልጅ የመረጥነው ስም ለተከታዮቹም እንደሚጸና ስለተነገረን መቸኮል አልፈለግንም። በዚህ መሀል የአባቴን ስም የዘር ሐረግ የሚፈለግበት ድረ ገጽ ላይ ባስገባው በዓለም ካርታ ላይ የተበተኑ «ቤተሰቦች» አወጣልኝ። ከእነዚህ ውስጥ የእኛ ወገን ይኖር ይሆን?

መልስ፣ ከጎንደር አራዳ፦
በሰላም ያገላግላት፣ ወንድሜ። ካርታውን ተወው። የሚሠራው ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ለሚወርድበት አገር ነው። አጼ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ኃይሉ ነበሩ፣ የቋራ ሰው፤ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ ካሣ ምርጫ፣ የተንቤን። የሁለቱ ልጆች ዛሬ ውጭ አገር ቢመዘገቡ ሁሉም «ካሣ» ተብለው አንድ ቤተሰብ ይሆኑ ነበር። ስሙ የበዛው ዘሩ ስለበዛ አይደለም፤ ልጅ የሞተበት ቤት ሁሉ ለሚቀጥለው ካሣ፣ ምትኩ፣ ፈንታ እያለ ስለሚያወጣ ነው።

በሕግ ደረጃማ ተሞክሯል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 32፣ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ይኸው ቅዳሜ ገበያ ስመላለስ አረጀሁ፣ የቤተሰብ ስሙን የነገረኝ ሰው ግን የለም።

ወገንህን ከፈለግህ ቆጠራውን ያዝ። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠይቅ ሰው እስከ ዋናው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አያት፣ ይቆጥር ነበር፤ በአባቱ ብቻ ሳይሆን በእናቱም። ሙግቱ ላይ አንድ ትውልድ የዘለለ ተረታ ማለት ነው። ለጋብቻ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሚያውቁ አጎቶችህ በሕይወት እያሉ ደውልና ጻፈው፤ ያኔ ዘመድህን ያለ ካርታ ታገኘዋለህ።

ስለ ቅጹ እኔ ብሆን የልጁን ስም፣ ከዚያ ያንተን፣ መጨረሻ ላይ የአባትህን አስጽፍ ነበር። ካናዳ የተወለደው ዘፋኝ አቤል መኮንን ተስፋዬ የተጻፈው እንዲሁ ነው። ያንተ ስም ከመሀል አይጠፋም፣ አንተና ልጅህም በአንድ ስም ትጠራላችሁ።

መልስ፣ የአዘዞ ልጅ ከሐይፋ፦
ጋሼ፣ በእናትም ይቆጠራል ብለው ሲያበቁ በቅጹ ላይ ለእናት ቦታ አልተዉላትም! ለማንኛውም አንድ ስም መርጦ መጽናት ይሻላል። አጎቴ በ1977 በሱዳን በኩል ነው እስራኤል የገባው፤ እኛ በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን። እሱን በአባቱ ስም መዘገቡት፣ አባቴን በአያቱ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፤ በመታወቂያ ግን ባዕድ ናቸው። እህቴ በዚያ ላይ ትምህርት ቤት ስትገባ የዕብራይስጥ ስም ወጣላት፤ ሠርጓ ላይ የጥሪ ወረቀቱን አይተው «ይህች ማን ናት?» ያሉ ዘመዶች ነበሩ።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የአባቴን ስም ተቀብላለች፤ በለውጡ የልጁን መጠሪያ የምታወጣው የእሷ እናት ናት፣ እኔ አስተያየት የለኝም። የቀረን የፊደል ነገር ነው። ወንድሜ ፓስፖርት ላይ የአባታችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ፊደል ተጨምሮበታል፤ እንዲህ ከቀረ የእሱ ልጆችና የእኔ ልጅ በወረቀት አይዛመዱም። የአባት ስም አጻጻፍ በኤምባሲ በኩል ያስተካከለ ካለ፣ የተጠየቀውን ሰነድ እዚህ ቢጽፍልኝ።