ለሶሪያሲስ (ቆዳ ላይ ቅርፊት ለሚያወጣው በሽታ) ጎንደር ላይ ምን ትጠቁማላችሁ?

ጠያቂ፦ ቅርፊቱ ክርኔና ጉልበቴ ላይ ነው። ፒያሳ ፋርማሲ ገብቼ ክሎቤታሶል የሚባለውን ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ልግዛ ወይስ ሐኪም ጋ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጭርት ከሆነ ክሎቤታሶል ያባብሰዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉት፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ ሂጂ። ሶሪያሲስ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የቆሻሻ አይደለም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ያለ ጠላት ተነስተው ኢንተርሉኪን 17 የተባለ ቆዳን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ይረጫሉ። ቆዳው በአንድ ወር ገደማ መታደሱን ትቶ በጥቂት ቀናት ይደራረባል። ቅርፊቱን በድንጋይ አትፈግፍጊው፤ በተላጠው ቦታ ላይ አዲስ ይወጣል።

ሌላ መልስ፦ ከቅባቶቹ እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተሉን ነው። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ ቀድሞ ያሳሳው፤ ያለዚያ ስቴሮይዱ ላይ ላዩን ይቀራል። ክሎቤታሶል 0.05% ለክርንና ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ለፊት፣ ለብብትና ለብሽሽት ግን አይሆንም፣ ቆዳ ያሳሳል። ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተጨመቀ ቅባት ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ2 ሳምንት አትለፊ። ካልሲፖትሪዮል (ከቫይታሚን ዲ የተሠራ ቅባት) ካገኘሽ ከሳሊሲሊክ ጋር አትቀቢው፣ አሲዱ ኃይሉን ይገድለዋል። ሽቶ ካለው ሎሽን ተራ ቫዝሊን ይሻላል፤ ከታጠብሽ በኋላ ቆዳሽ ሳይደርቅ።

ሌላ መልስ፦ ሰውነትሽን በሰፊው ከያዘው ወይም መገጣጠሚያሽ ካበጠ ቅባት ብቻውን አይበቃም። ሜቶትሬክሴት የሚባለው ኪኒን ርካሽ ነው፣ የነቁትን ሴሎች ያበርዳል። የሚወሰደው ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ የዋጠ ሰው መቅኔው ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። ቀኑን፣ «ማክሰኞ» ብለሽ፣ ካርቶኑ ላይ ጻፊው። ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይወሰዳል። የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ሳይታይ አትጀምሪ። አረቄ ይቅር፤ እርግዝና ካሰብሽ አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪ። ባክትሪም የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሲያዝዙልሽም ሜቶትሬክሴት እየወሰድሽ መሆኑን ተናገሪ፣ አብረው አደገኛ ናቸው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ኪኒን በራስሽ አትግዢ፤ ሲቆም በሽታው መግል ቋጥሮ ሊመለስ ይችላል።

ጠያቂ፦ ለሶሪያሲስ የሚሰጠው መርፌስ?

መልስ፦ አዳሊሙማብ የሚባለው መርፌ ቲኤንኤፍን (ሌላውን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር)፣ ሴኩኪኑማብ የሚባለው ደግሞ ኢንተርሉኪን 17ን ይዘጋሉ። ጥሩ ይሠራሉ፣ ዋጋቸው ግን ይከብዳል። ቲኤንኤፍ የተኛ ቲቢን አፍኖ የሚይዝ ስለሆነ ቲቢ ሳትመረመሪ አትወጊ። ከአዲስ አበባ ካስመጣሽ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቆይ፤ በረዶው መርፌውን እንዳይነካው በጨርቅ ይለይ፣ አንዴ በረዶ ሆኖ ከረጋ አይሠራም።