የቀበሌ ቤት ለአዲስ ተከራይ ሲዘጋጅ በክረምት ከምን ይጀመራል? (ጅማ)

ቤት አስተዳደር፣ ጅማ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሄርማታ አካባቢ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ተለቅቋል። አሁን ነሐሴ መግቢያ ነው፤ ቁልፍ የምናስረክበው በመስከረም መጨረሻ ነው። ቤቱ የጭቃ ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ የጓሮው ግድግዳ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ርሶ ሻግቷል። ገሚሶቻችን በሲሚንቶ ለስነን ቀለም እንቀባው እንላለን፣ ገሚሶቻችን ምርጉ በጭቃ ይታደስ ባዮች ነን። በጀቱ ለሁሉም አይበቃም። የምትገባው እናት ሕፃናት ስላሏት ሻጋታው በጣም ያሳስበናል። ከምን እንጀምር?

ግንበኛ ከመንደራ

ቀለሙን ለጊዜው እርሱት። ቅደም ተከተሉ ጣሪያ፣ ቦይ፣ የምሰሶ እግር፣ ምርግ፣ ከዚያ በኋላ ቀለም ነው። ውኃው ሳይቆም የተቀባ ቀለም በሁለት ወር ይላጣል።

ቆርቆሮውን ከመቀየራችሁ በፊት እኩለ ቀን ላይ አቡጀዲውን አውርዳችሁ በርና መስኮት ዝጉና ወደ ላይ እዩ። ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ይታያል፤ በኖራ ምልክት አድርጉበት። አብዛኛው የሚያፈሰው ጎማው ባለቀ ሚስማር በኩል ነው። አዲሱን ሚስማር በአሮጌው ቀዳዳ አትመልሱት፣ አይጨብጥም፤ ሁለት ጣት ያህል አልፋችሁ ምቱና አሮጌውን በሬንጅ ድፈኑ። ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፣ ውኃ የሚወርድበት ሸለቆው ላይ አይደለም። ቆርቆሮ ከቀየራችሁ የላይኛው በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ይደረብ፣ ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ 20 ይሁን። አንድ ነጠላ አዲስ ቆርቆሮ በአሮጌዎቹ መሃል ስታስገቡ ጉብታው መግጠሙን አስቀድማችሁ ለኩ። ካልገጠመ በክፍተቱ ነፋስ ዝናቡን ይገፋዋል።

ግድግዳው ከታች የራሰው በሁለት ምክንያት ይሆናል፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ መሬት ነክቶ ይረጨዋል፣ ወይም የውጩ አፈር ከወለሉ ከፍ ብሏል። መንገዱ በኮብልስቶን ከፍ ሲል ግቢው ጎድጉዶ የቀረባቸው ቤቶች ላይ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይታያል። አፈሩን ከወለሉ 15 ሳንቲ ዝቅ እስኪል ጥረጉ፣ ከዚያ ጠርዙ በሚያንጠባጥብበት መስመር ቦይ ቆፍሩ፣ በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ይውረድ። አሸንዳ መግዛት ከቻላችሁ ከቀለሙ በፊት እሱን ግዙ።

በሲሚንቶ መለሰኑን በፍጹም አልመክርም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም፣ የገባውንም እርጥበት አያስወጣም። ልስኑ ከጭቃው ይለያያል፣ በጣት ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ምስጡም ከኋላው ተደብቆ መንገዱን ይሠራል።

ምርጉን ከማንሳታችሁ በፊት እያንዳንዱን ምሰሶ ከመሬቱ አጠገብ በካቻቪቴ ውጉት። ከ1 ሳንቲ በላይ በቀላሉ ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ወራጁን በሌላ እንጨት ደግፋችሁ የበሰበሰውን ቁረጡ፣ እግሩን በድንጋይና በሲሚንቶ ተኩ። አዲስ እንጨት የሚገባ ከሆነ የሐበሻ ጥድ ከባሕር ዛፍ የተሻለ ምስጥ ይቋቋማል። የምስጥ መንገድ ስታገኙ ጥቂት አፍርሱትና በማግስቱ እዩት፤ መልሶ ከተሠራ ምስጡ አለ ማለት ነው።

ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አብኩታችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፣ በየቀኑ ይረገጥ። የጎደለውን ግርፍ (የመጀመሪያው ሻካራ ልስን) አድርጋችሁ ስንጥቁ እስኪወጣ ጠብቁ፣ ቀጥሎ አሸዋ በበዛበት ቀጭን ጭቃ ይለሰን። በዚህ ዝናብ ለመድረቅ ሦስት ሳምንትም ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ጭቃውን አቡኩት።

ሽቦ ሠራተኛ

ኮርኒሱ እስኪመለስ ሳትጠብቁ መስመሩን ፈትሹ፣ አይጥ የበላው ሽቦ የሚታየው ያኔ ነው። በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ከ16 አምፔር ጋር ይሁን። ምጣድ ከሶኬት አይሰካ። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚወስድ የራሱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ብሬከሩ ሲወርድ ከፍ ያለ ብሬከር መተካት ሽቦውን ማቃጠል ነው። ግድግዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ እዚያ ላይ ያለውን ሶኬት አጥፉት፤ ልጆች በሚኖሩበት ቤት ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። የመሬት ሽቦም መኖሩን እዩ።

ቤት አስተዳደር፣ ጅማ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ግንበኛው፣ ሻጋታው ላይ በረኪና ረጭተን ምርጉን ብንተወውስ?

ግንበኛ ከመንደራ

በራሰ ጭቃ ላይ በረኪና ሻጋታውን ላዩን ያነጣዋል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋውም። የሻገተውን ምርግ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ አንሱትና ከግቢ አውጡት። በረኪና ለበርና ለመስኮት እንጨት ይሁን፤ አንድ እጅ በዐሥር እጅ ውኃ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ሳይቀላቀል። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ የፕላስቲክ ቀለም ሳይሆን ኖራ ቀቡት፣ እርጥበቱን ያስወጣል። ኖራውን ሌሊቱን አሳድሩት፣ ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንድ ጊዜ ወፍራም ከቀባችሁት ይበናል።

ተረካቢ

አንድ ልጨምር። በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ትንንሽ፣ የጭቃና ግድግዳ የሚጋሩ ናቸው። የጋራው ግድግዳ ከጣሪያው ጋር ካልተገናኘ በክፍተቱ ጭስም፣ አይጥም፣ እሳትም ይተላለፋል። ምርጉ ሲሠራ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ይድረስ፣ ጎረቤቱም አስቀድሞ ይነገረው።

ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ የውኃ ቆጣሪውን ለግማሽ ሰዓት እዩት፤ ከዞረ ያፈሳል። ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነ ጉድጓዱ ከአፉ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው መመጠጥ አለበት፣ ቤቱ ሰው ሳይገባበት ይህን ጨርሱት። የቁልፉን ሲሊንደር ቀይሩ፣ አሮጌው ቁልፍ ስንት እጅ እንዳለ አይታወቅም። በርክክቡ ቀን የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ቁጥር፣ የተሰጠው ቁልፍ ብዛት፣ ያልተጠገነውም ነገር በሁለት ቅጂ ይጻፍና ተከራይዋ ትፈርም፤ አንዱ ቅጂ ከእሷ ጋር ይቅር። ትኋን ካለ አልጋው ከመግባቱ በፊት የግድግዳውና የበሩ ስንጥቅ ይደፈን።