በጃቫ የገበሬ መንደር መሬት ገዝቶ ለመኖር፦ ስለ ባለቤትነትና ስለ ደኅንነት ምክር እሻለሁ

መንገደኛው ከጂዳ፦

አሰላሙ አለይኩም። የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እኔ የወሎ ልጅ ስሆን ኑሮዬ ጂዳ ነው። ባለቤቴ ኢንዶኔዥያዊት ናት፤ የተዋወቅነውም ኒካህ ያሰርነውም እዚሁ በሥራ ላይ ሳለን ነው። የትውልድ መንደሯ በማዕከላዊ ጃቫ በክላተን አውራጃ፣ በሩዝ ምርቱ ስሙ ከሚነሣው ከደላንጉ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። የስደቱን ኑሮ ጠቅልለን፣ ልጆቻችንን ይዘን እዚያ ለመግባት ተስማምተናል።

አማቴ ሁለት አማራጮች አግኝተውልናል። አንደኛው ከእርሳቸው ማሳ ጋር የሚዋሰን የሩዝ መሬት ሲሆን ሻጩ ካርታ የለውም፤ የሚያሳየው የሟች አባቱ ስም በመንደሩ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ መስፈሩን ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ጎረቤት ለልጁ ትምህርት ገንዘብ ስለቸገረው፣ እኛ አገር ወለድ አገድ በሚባለው ዓይነት ማሳውን ሊሰጠን ይፈልጋል፤ ገንዘቡን እስኪመልስ ድረስ እያረስን እንጠቀማለን ማለት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ መሬቱን በአንድ ታማኝ የአገሩ ሰው ስም አስመዝግቤ የጎን ውል እንድይዝ መክሮኛል። ይህ ያዋጣል ወይ? እኔ ብሞት ወይም እርሷ ብትቀድም የልጆቼ ነገር እንዴት ይሆናል? ደግሞም በመንደሩ ብቸኛው የውጭ አገር ሰው ስለምሆንና ከዓረብ አገር ገንዘብ ይዘው መጡ ስለምንባል፣ የቤተሰቤ ደኅንነት ያሳስበኛል። የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የመሬት ሕግ አንባቢ፦

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ለትምህርት ዮግያካርታ በኖርኩበት ጊዜ የመሬት አስተዳደራቸውን በቅርብ ለማየት ችዬ ነበርና የማውቀውን ልጻፍልዎ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የባልደረባዎን ምክር ይተዉት። የ1960ው መሠረታዊ የመሬት ሕግ ሃክ ሚሊክ የሚባለውን ሙሉ ባለቤትነት ለዜጎች ብቻ የሚፈቅድ ሲሆን፣ አንቀጽ 26 በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መንገድ ለውጭ አገር ዜጋ የተላለፈ መሬት ውሉ ፈራሽ፣ መሬቱ የመንግሥት፣ የተከፈለውም ገንዘብ የማይመለስ እንደሚሆን በግልጽ ይደነግጋል። የጎን ውሉን ይዘው ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ወረቀቱ ራሱ በእርስዎ ላይ ማስረጃ ይሆናል። የዓመታት ልፋትዎን እንዲህ ባለ ነገር ላይ እንዳይጥሉት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ባለቤትዎ ግን ዜጋ ስለሆኑ በስማቸው መግዛት ይችላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ በ1974ቱ የጋብቻ ሕግ መሠረት በትዳር ውስጥ የተገኘ ሀብት የጋራ ስለሆነ፣ የንብረት መለያ ውል ከሌለ እርስዎም ድርሻ አለዎት ተብሎ የሚስትዎ መብት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ቀድሞ ይህ ውል የሚፈረመው ከጋብቻ በፊት ብቻ ነበር፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2016 በሰጠው ውሳኔ ግን በትዳር ላይ ሳሉም መዋዋል ተፈቅዷል። ስለዚህ አገር እንደገባችሁ ጂዳ የተፈጸመውን ጋብቻ አስመዝግቡ፤ ከዚያ ውል አዋዋይ ዘንድ ቀርባችሁ ተፈራረሙ፤ ግዥው ከዚህ በኋላ ይሁን። አላህ አያድርገውና እርሳቸው ቢቀድሙ፣ ለእርስዎ በውርስ የደረሰውን ሙሉ ባለቤትነት በአንድ ዓመት ውስጥ ለዜጋ ማስተላለፍ ግዴታዎ ነው። ልጆችዎ በ2006ቱ የዜግነት ሕግ መሠረት ኢንዶኔዥያውያን ሆነው ከተመዘገቡ መሬቱን መውረስ ይችላሉ፤ 18 ዓመት ሲሞላቸው ወይም ከዚያ በፊት ሲያገቡ ዜግነታቸውን የሚመርጡበት የ3 ዓመት ጊዜ ይሰጣቸዋል። ኢትዮጵያም ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ነገሩን በሁለቱም ኤምባሲዎች በኩል ቢያጣሩ መልካም ነው።

ስለ መንደሩ መዝገብ፦ ሌተር ቼ የሚሉት ይህ መዝገብ በመሠረቱ የመሬት ግብር መመዝገቢያ እንጂ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። ሻጩ የሟቹ ብቸኛ ወራሽ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይጠይቁ፤ ወንድምና እኅት ካሉት ሁሉም ካልፈረሙ ቀብድ እንኳ አይስጡ። መንግሥት ከ2017 ጀምሮ ሙሉ መንደሮችን በአንድ ጊዜ የሚመዘግብ ሰፊ ዘመቻ ስለከፈተ፣ ሻጩ ካርታውን በስሙ ካወጣ በኋላ ቢገዙ ከሁሉም ይሻላል። ሌላው፣ የ1961ዱ ደንብ የእርሻ መሬት ባለቤት ማሳው ባለበት ወረዳ ወይም በአዋሳኙ እንዲኖር ያስገድዳልና ጂዳ ሆናችሁ አትግዙ። በማሳው ዳርቻ ቤት ለመሥራት አስባችሁ ከሆነም፣ የ2009ኙ ሕግ ለምግብ እህል የተከለለ መሬት ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ስለሚከለክል፣ ቦታው ከክልሉ ውስጥ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወለድ አገዱን በተመለከተ፣ በ1960 የወጣው የእርሻ መሬት መጠን ድንጋጌ በዚህ ዓይነት የተያዘ ማሳ 7 ዓመት ከሞላው ያለ ምንም ክፍያ ለባለቤቱ እንዲመለስ ያዛል። አርሶ የሚበላው ሰው በእነዚህ ዓመታት ገንዘቡን ከምርቱ እንዳገኘ ይቆጠራል። በየመንደሩ ይህን ሕግ የማያውቅ ወይም የማያከብር ብዙ ነው፤ በልማዱ 15 እና 20 ዓመት ማሳው በአበዳሪ እጅ የሚቀርበት ገበሬ አለ። እኔ በበኩሌ ይህን ውል አልመክርም። ለልጁ ትምህርት የቸገረው ሰው የዕድሜ ልክ ጎረቤትዎ ነው፤ ለተወሰነ ዓመት በኪራይ ቢይዙለት፣ ወይም ማሳውን በእጁ ትተው የምርቱን እኩል ወይም ሲሶ ቢስማሙ፣ እርሱም መሬቱን አያጣም፣ እርስዎም በሰላም ይኖራሉ።

የመንደሩ ምራት፦

እንኳን ደኅና መጡ ወንድሜ። እኔ ጃቫዊ አግብቼ በገበሬ መንደር የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ወንድማችን የወረቀቱን ነገር በሚገባ ስለገለጹት የደኅንነቱን ልጨምር።

እዚህ የመንደሩ ሰላም በዋናነት የተያዘው በፖሊስ ሳይሆን በጎረቤት ነው። እያንዳንዱ ሰፈር ኤርቴ የሚባል አደረጃጀት አለው፤ በጃፓን ወረራ ዘመን የተጀመረ ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ አልፈረሰም። የማያድርበት ቤት ያደረ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኤርቴው ኃላፊ ማሳወቅ እንዳለበት በየመንደሩ መግቢያ ተጽፎ ያያሉ። እርስዎም በገቡበት ቀን ከአማትዎ ጋር ሆነው፣ ፓስፖርትዎንና የጋብቻ ወረቀትዎን ይዘው ኃላፊው ቤት ይሂዱ። ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ሰው ነው፤ ያላደረገ ግን ዓመት ቢኖርም ስለ እርሱ መጠየቁ አይቀርም።

ወንዶቹ በየተራ ሮንድ ይወጣሉ። በየቤቱ ደጃፍ አንዲት ትንሽ ጣሳ ወይም የፕላስቲክ ኩባያ ተንጠልጥላ ትታያለች፤ የቤቱ እመቤት ከመተኛቷ በፊት እፍኝ የማይሞላ ሩዝ፣ አሁን አሁን ደግሞ የ500 ሩፒያ ሳንቲም ታኖርባታለች። ሮንዶቹ ሌሊት እየዞሩ ይሰበስቡታል። ገንዘቡ ለመንገድ መብራት፣ ለታመመ መጠየቂያና ለለቅሶ ይውላል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በየሌሊቱ በእያንዳንዱ ቤት ደጅ ሰው መድረሱ ነው። ያልተዘጋ መስኮት፣ ውጭ የተረሳ ሞተር ሳይክል፣ ባዶ የቀረች ጣሳ ሁሉ ይታያል። ጣሳዋ ባዶ ከሆነች ታመው ይሆን ብሎ ጠዋት የሚያንኳኳ ጎረቤት አይጠፋም። በየሮንድ ጎጆው ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ የተቦረቦረ፣ ኬንቶንጋን የሚባል የማስጠንቀቂያ መምቻ ይሰቀላል። አመታቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ በብዙ ቦታ ሁለት ሁለት ጊዜ ከተመታ ሌባ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ከሆነ እሳት ማለት ነው። አንዳንድ ቦታ በሮንድ ምትክ ገንዘብ መክፈል ይፈቀዳል። እርስዎ ግን አይክፈሉ፤ ራስዎ ይውጡ። ቋንቋውንም ሰውንም የሚለምዱት እዚያ ጎጆ ውስጥ ነው።

ሌባ የለም አልልዎትም። በብዛት የሚሰረቀው ሞተር ሳይክል፣ ከብትና ወርቅ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰ ቤተሰብ በረጅም አጥር ተከልሎ ፎቅ ሲሠራ አይቻለሁ፤ አጥሩ ሌባውን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው የከለከለው። ወርቅ ቤት አያስቀምጡ፤ ካርታውንም ቅጂውን በሌላ ቦታ ያኑሩ። አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ግን ሳልነግርዎ ማለፍ አልፈልግም፤ ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ሕዝቡ በቁጣ እስከ ሞት የሚደበድብበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥምዎ ከግርግሩ ርቀው ለመንደሩ ለተመደበው ፖሊስ ይደውሉ፤ የእርሱን ስልክ ቁጥር ከወዲሁ ይያዙ።

ባለቤትዎም ለቅሶና ድግስ ሲሆን ከሴቶቹ ጋር ወጥ ቤት ገብተው ሽንኩርት ይላጡ። በጃቫ መንደር ለድግስ ጉልበት ያልሰጠ ቤተሰብ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢያዋጣ አይቆጠርለትም።

መንገደኛው ከጂዳ፦

ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የወለድ አገዱን ነገር ትተን ለጎረቤታችን ማሳውን በእኩል እንዲያርስ ሐሳብ ልናቀርብለት ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። አማቴ ሌሊት ውኃ ለመቀየር ወደ ማሳ ይወርዳሉ፤ ለአይጥ ተብሎ በማሳ ዙሪያ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰው ገደለ ሲባል ሰምቼ ሥጋት ገብቶኛል። እውነት ነው?

ግብርናና ግንባታ፦

እውነት ነው፣ በቀላሉም የሚታይ አይደለም። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሩዝ በሚዘራበት አገር አይጡ ምግብ ስለማያጣ ይራባል፤ ገበሬው ተስፋ ሲቆርጥ ከቤት መስመር ስቦ እርቃን ሽቦ ይዘረጋል። ለክላተን ቅርብ በሆነው በስራገንና በምሥራቅ ጃቫ በንጋዊ በዚህ ምክንያት ብዙ ገበሬዎች ሞተዋል፤ የሞተው ብዙውን ጊዜ ራሱ ሽቦውን የዘረጋው ሰው ነው። ሌላ ሰው ከሞተ ደግሞ ባለሽቦው በወንጀል ይጠየቃል። አማትዎ ሌሊት ብቻቸውን አይውረዱ፤ የጎማ ቦቲ ያድርጉ፤ ከሁሉ በፊት ግን የአዋሳኝ ማሳ ባለቤቶችን ሰብስበው ሽቦ እንዳይኖር ይስማሙ። አይጡን የሚቀንሰው መንደሩ በአንድ ጊዜ ሲዘራ፣ ጉድጓዱን በደቦ ሲያጠፋና ለጉጉት ማደሪያ ሳጥን በማሳው መካከል ሲያቆም ነው፤ በደማክ አውራጃ ገበሬዎች በጉጉት ተጠቅመውበታል።

ስለ ቤቱም አንድ ነገር ልበል። ሜይ 27 ቀን 2006 ማለዳ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ባንቱልንና ክላተንን ክፉኛ መትቶ ከ5,700 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹን የገደላቸው ብረት የሌለው የጡብ ግድግዳና ከባዱ የሸክላ ጣሪያ ነው። በየማዕዘኑ ኮለን፣ ከመሠረቱ ላይና ከግድግዳው ራስ ላይ ዙሪያውን የሚያስር ቢም ይኑረው፤ ብረቶቹም በየመገናኛቸው ታጥፈው እርስ በርስ ይታሰሩ። ጂዳ እያሉ ግንባታው ከተጀመረ፣ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የእያንዳንዱን ማዕዘን የብረት እስር ፎቶ አማትዎ ይላኩልዎት፤ ያንን ሳያዩ ለግንበኛው ቀጣዩን ክፍያ አይልቀቁ።