ቁጥብ አጻጻፍ ለወጣት ጸሐፊዎቻችን መለኪያ ይሁን ወይ?

አወያይ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚዘጋጁ የወጣቶች የአጭር ልብወለድ ውድድሮች የሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኮቭ ቁጥብ አጻጻፍ፣ ማለትም ስሜትን ሳይዘረዝሩ በጥቂት ቃል ማሳየት፣ የዳኝነት መለኪያ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?

ከፒያሳ፣ ደሴ፦ እኔ እደግፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመውን የቼኮቭ ሥራ፣ ልጁ የሞተበትን የጋሪ ነጂ የዮናን ታሪክ ተመልከቱ። ዮና ሐዘኑን ለተሳፋሪው መኮንን፣ ከዚያም ለሦስት ወጣቶች ሊያካፍል ይሞክራል፤ የሚያደምጠው ቢያጣ በመጨረሻ ለባዝራው ይነግራታል። ለቅሶ ቤት ሳንጠራ የምንሄድ ወሎዬዎች፣ «ያጥናህ» የሚለው አንድ ሰው መጥፋቱ ያንገበግበናል። ደራሲው ይህን ቁጭት ራሱ ጽፎት ቢሆን ኖሮ የእኛ ባልሆነ ነበር።

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ የታሪኩን ኃይል አልክድም፤ ቁጥብነትን ሕግ ማድረጉን ግን እቃወማለሁ። ቼኮቭ በወጣትነቱ ይጽፍለት የነበረው የቀልድ መጽሔት ከመቶ መስመር ገደማ በላይ ስለማይፈቅድለት፣ ማሳጠሩ በከፊል የእንጀራ ግዴታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ሰፊ ቦታ ሲያገኝ፣ «ስቴፕ» በተባለው ረጅም ታሪኩ ሜዳውን፣ ሙቀቱንና ነጎድጓዱን ሳይሰስት ገልጿል። በዮና ታሪክ ውስጥ እንኳ የነጂው ደረት ቢፈነዳ ሐዘኑ ዓለምን ያጥለቀልቅ እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። መንዙማ እየሰማ ያደገን፣ ድግግሞሽና ድምቀት በጆሮው የሰረጸን ልጅ ገና ብዕር ሲያነሣ «ቀንስ» ብንለው፣ የራሱን ድምፅ ሳያገኝ እናፍነዋለን።

ከፒያሳ፣ ደሴ፦ እህቴ፣ የጠቀስሽው ዓረፍተ ነገር በእርግጥ አለ። መጨረሻውን ግን ተመልከቺ፦ ባዝራዋ ታላምጣለች፣ ታደምጣለች፣ በጌታዋ እጅ ላይ ትተነፍሳለች፤ ዮናም ሁሉን ይነግራታል፤ ታሪኩ እዚያው ያበቃል፣ የደራሲው አስተያየት አይከተልም። ቼኮቭ የዮና ታሪክ በታተመበት ዓመት ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ፣ የጨረቃዋን ሌሊት ለማሳየት የተሰበረ ጠርሙስ ብልጭታና የውሻ ወይም የተኩላ ጥላ እንደሚበቃ መክሮታል። ይህንን ምክር የመስመር ገደብ አላስጻፈውም። ደግሞስ መንዙማን ካነሣን፣ የአምባሰል ዘፋኝ በሁለት ስንኝ የምትለውን ለምን እንረሳለን?

ከኮምቦልቻ፦ የአምባሰል ዘፋኝ እኮ ሁለቱን ስንኝ ደጋግማ፣ ድምፅዋን እያስረዘመች ነው የምታደርሰን! ቼኮቭ ይነበብ፣ በየክፍሉም ይተንተን፤ በዚህ አልከራከርም። የዳኞች መለኪያ ከሆነ ግን ምሉእና ረዘም ያለ ታሪክ ያመጣች ልጅ ሥራዋ በቅጡ ሳይመዘን ትወድቃለች፤ ስለዚህ ሐሳቡን እቃወማለሁ።