በየቀኑ ስላጭ አንገቴ ይቆጣል፤ ምኑን ልቀይር?

አንገቴ ነደደ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ቦታዬ ደንብ ጺም አይፈቅድም፤ ስለዚህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እላጫለሁ። ጉንጬ ደህና ነው። ችግሩ ከአገጬ ሥር እስከ ማንቁርቴ ያለው ቦታ ነው። እንደተላጨሁ ያቃጥለኛል፣ በማግስቱ ጥቃቅን እብጠት ያወጣል፣ አንዳንዱ መግል ይይዛል፣ ሲድን ደግሞ ጥቁር ነጥብ ጥሎ ይሄዳል። ፀጉሬ ከርዳዳ ነው። የምጠቀመው ባለ 5 ምላጭ መላጫ፣ የገላ ሳሙናና ቀዝቃዛ ውሃ ሲሆን መጨረሻ ላይ አልኮል እቀባለሁ። መላጫው ውድ ስለሆነ አንዱን 3 ሳምንት እገፋበታለሁ። ወደ ታች ከላጨሁ በኋላ ልስልስ እንዲል ወደ ላይ እደግመዋለሁ።

የሰፈር ምክር፦
ሎሚ ቆርጠህ እሸው፤ በ3 ቀን ድራሹ ይጠፋል።

ፋርማሲ ጥግ፦
ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሎሚ አይሆንም! የተፋቀ ቆዳ ላይ አሲድ ነው የምትጨምርበት። ከዚያም በላይ የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ይጠቁራል፤ ጥቁሩ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የጥርስ ሳሙና መቀባትም ያው ነው።

ባለ ብረቱ፦
ወንድሜ፣ ያለብህ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ወዲያው የሚያቃጥልህ ምላጩ ከፀጉሩ ጋር የላይኛውን ቆዳ ስለፋቀው ነው። በማግስቱ የሚያብጠው ግን ፀጉሩ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ስለገባ ነው።

ባለ ብዙ ምላጩ መላጫ ሲሠራ የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ይዞ ትንሽ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ወደ ቦታው ሳይመለስ ተከታዩ ይቆርጠዋል። የቀረው ጫፍ ከቆዳው ወለል በታች ይገባል። ልስልስ የሚልህ ለዚህ ነው። ዞማ ፀጉር ያለው ሰው ብዙም አይጎዳም፤ ፀጉሩ በገባበት ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከርዳዳ ፀጉር ግን ከሥሩም የጎበጠ ስለሆነ በሰያፍ ተቆርጦ የሾለው ጫፍ የራሱን ቀዳዳ ግድግዳ ይወጋል። ሌላው ደግሞ በደህና ወጥቶ ጥቂት እንዳደገ ይታጠፍና አጠገቡ ያለውን ቆዳ ከላይ ይበሳል። ሰውነት እንደ እሾህ ስለሚቆጥረው ያብጣል፣ ይመግላል። የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም፤ አጥብቀህ ብትፈትገው ይብስብሃል።

ስለዚህ ካለህ ልማድ ሁሉ መጀመሪያ የምታቆመው ወደ ላይ መድገሙን ነው። ጺምህ በእጅ ሲዳሰስ ትንሽ ይሻክር። ከአንድ ሜትር ርቀት የሚያየው የለም፣ አለቃህም በጣቱ አይዳስስህም።

ቀጥሎ መላጫውን ቀይር። አንድ ምላጭ የሚገባበት፣ ከላይ ተፈትቶ የሚገጠም የብረት መላጫ ግዛ፤ ምላጩ ያ በሁለት ወገን የተሳለው፣ በወረቀት የተጠቀለለው ነው። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ በየ3ና 4 መላጨቱ ብትጥለው አይቆጭህም። ምላጭ መደነዙን የምታውቀው ፀጉሩን መቁረጥ ትቶ መጎተት ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ሳታውቀው እጅህ መጫን ይጀምራል፣ ማቃጠሉም ከዚያ ይመጣል። በ3 ሳምንት ምላጭ ጎማም አይላጭ!

አያያዙ እንዲህ ነው። የመላጫው ራስ ጉንጭህን ይንካ፣ እጀታው ከፊትህ ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከዚያ ምላጩ ፀጉሩን መንካት እስኪጀምር እጀታውን ቀስ እያልክ ወደ ታች አውርደው። ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ሲሆን ይቆርጣል፤ ከዚያ በላይ ቀና ካለ ይፍቃል። አትጫን፤ የብረቱ ክብደት ይበቃል። እያንዳንዱ ጭረት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በየሁለት ሦስት ጭረቱ ምላጩን እጠበው። አረፋ የሌለበት ቦታ ላይ ምላጭ አይመለስ። የቀረ ፀጉር ካለ እንደገና አረፋ ቀብተህ በዚያው አቅጣጫ አንዴ ድገም፤ ሦስተኛ የለም። ደግሞ በሌላ እጅህ ቆዳውን ወጥረህ አትያዝ፤ ወጥረህ ስትቆርጥና ስትለቀው ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ከባለ 5ቱ ምላጭ በምን ተሻለ?

አንገቴ ነደደ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን አንገቴ ላይ ወደ ታች ስላጭም ይጎትተኛል እኮ። ስህተቴ ምን ላይ ነው?

ባለ ብረቱ፦
“ወደ ታች” እና “ፀጉሩ ወደ ተኛበት” አንድ አይደሉም። ጉንጭ ላይ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ፤ አንገት ላይ ግን ፀጉሩ ወደ ጎን የሚተኛበት፣ ከማንቁርት በታች ደግሞ ሽቅብ ወደ አገጭ የሚያድግበት ሰው ብዙ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከተላጨህ በኋላ ሳትላጭ ቆይ፤ እሑድ ማታ መስታወት ፊት ቁምና ጣትህን በአራቱም አቅጣጫ አንገትህ ላይ አሂድ። እጅህን የማይሻክርህ አቅጣጫ ፀጉሩ የተኛበት ነው። ግራና ቀኙ ላይመሳሰል ይችላል። በወረቀት ላይ አንገት ሥለህ በቀስት ምልክት አድርግበትና መስታወቱ ላይ ለጥፈው፤ እጅ እስኪለምድ ይረዳል።

የአረፋው ጌታ፦
ምላጭ ብቻ አታስቀይሩት፤ ግማሹ ጥፋት ከምላጩ በፊት ነው። ደረቅ የጺም ፀጉር ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ በትንሽ ጉልበት ይቆረጣል። የሚጠጣበት ጊዜ ግን ይፈልጋል። ለብ ባለ ውሃ የነከርከውን ፎጣ ጨምቀህ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አገጭህና አንገትህ ላይ ያዝ፣ ወይም ገላህን ከታጠብክ በኋላ ተላጭ። ውሃው ትኩስ አይሁን፤ ትኩስ ውሃ ወዙን ስለሚያጥበው ቆዳው ገና ምላጭ ሳይነካው ይቆጣል።

የገላ ሳሙና አረፋ ባዶ አየር ነው፤ አንዱን ጉንጭ ሳትጨርስ ሌላው ላይ ይደርቃል፣ ምላጩም ደረቅ ቆዳ ላይ ይሄዳል። የመላጫ ሳሙና ወይም በቲዩብ የሚሸጠውን የመላጫ ክሬም ያዝ። ክሬም ከሆነ ከሽምብራ ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ ይበቃል። ብሩሹን ውሃ ውስጥ አቆይተህ አራግፈው፤ ሳሙና ከሆነ 30 ሰከንድ ያህል ሳሙናው ላይ አሽከርክረው፣ ከዚያ ሲኒ ውስጥ ወይም ፊትህ ላይ ውሃ ጠብ እያደረግህ ምታው። አረፋው እንደ እርጎ ወፈር ብሎ ሲያንጸባርቅ ደርሷል። እንደ እንቁላል አረፋ ከተንሳፈፈ ውሃ ያንሰዋል፤ ከፊትህ ላይ ከወረደ ውሃ በዝቶበታል። ፀጉሩ በሚያድግበት ግልባጭ ክብ ክብ እያደረግህ ቀባው፤ የተኛውን ያነሣዋል። ቀብተህም አንድ ደቂቃ ታገሥ።

ውሃው ጠንካራ የሆነበት ከተማ፣ ለምሳሌ መቀሌ፣ አረፋ ቶሎ ይሞታል፤ ጥፋቱ የሳሙናው አይደለም። አፍልተህ ያቀዘቀዝከውንና ዝቃጩ የጠለለውን ውሃ ተጠቀም። የቧንቧ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈርም ቢሆን ግማሽ ሊትር ለሙሉ መላጨት ይበቃል፤ “ዛሬ ውሃ የለም” ብለህ በደረቁ እንዳትላጭ።

ፋርማሲ ጥግ፦
የመጨረሻውን ክፍል እኔ ልናገር። አልኮሉን ከአንገትህ አውርደውና ለመላጫው ስጠው፤ 70 በመቶ አልኮል ብረት ያጸዳል፣ የተፋቀ ቆዳን ግን ያደርቃል፣ ያቃጥላል። ስትጨርስ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፣ በንጹሕ ፎጣ ሳታሽ ጠብ ጠብ አድርገህ አድርቅ፣ ሽቶ የሌለው ቀለል ያለ ሎሽን ቀባ። ወፍራም ቫዝሊን ለአንገት ብዙም አልመክርም፤ ፀጉሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚዘጋበት ሰው አለ።

መግል ለሚይዙት ቤንዞይል ፐሮክሳይድ 2.5 ወይም 5 በመቶ ጄል በቀን አንዴ በስሱ ቀባ። የሸሚዝ ኮሌታና ፎጣ ቀለም ያነጣል፤ ስለዚህ ማታ ቀብተህ ነጭ ካናቴራ ልበስ። ፀጉሩ እንዳይቀበር ደግሞ አዳፓሊን 0.1 በመቶ የሚባል ቅባት አለ፤ የአተር ፍሬ ያህል ማታ፣ ቆዳው ከደረቀ በኋላ። መጀመሪያ ላይ ያደርቃል፣ ይልጣል፤ አንድ ቀን እየዘለልክ ጀምር፣ ውጤቱን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ጠብቅ። ሁለቱን በአንድ ሌሊት አትጀምር፤ ቢያቃጥልህ የትኛው እንደሆነ አታውቅም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸው፣ “ለሁሉም ይሆናል” እየተባለ የሚሸጡ ቅባቶች አሉ። በ2 ቀን ቀዩን ስለሚያጠፉ ሰው ይወዳቸዋል። ፊት ላይ ሲለመዱ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ያቀላሉ፣ ራሳቸው ብጉር ያወጣሉ፤ ስታቆማቸው ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ይነሣል። በጣም ከተቆጣብህ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ በስሱ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ከዚያ ማቆም። ጥቁሩ ነጥብ የሚጠፋው አዲስ እብጠት መውጣቱ ሲቆም ነው፤ ወራት ይፈጃል፣ ፀሐይ መከላከያ ክሬም (የመከላከያ ቁጥሩ፣ SPF የሚባለው፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው) ያፋጥነዋል።

ጠርዙ ክብ ሆኖ የሚሰፋና ቅርፊት የሚያወጣ፣ ፀጉሩ ላዩ ላይ የሚሰባበር ከሆነ ግን ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ከእነዚህ አንዱንም ሳትቀባ ለሐኪም አሳየው። ጠባሳው እያደገ የሚጠጥር፣ ማለትም ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ያለውም ሰው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቶሎ ይሂድ።

አንገቴ ነደደ፦
እህቴ አመሰግናለሁ። አሁን ያሉትን የተቀበሩ ፀጉሮች በወረንጦ ብነቅላቸውስ?

ፋርማሲ ጥግ፦
አትንቀል። የተነቀለው እንደገና ሲያድግ ከሥር ጀምሮ መውጫ ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀበራል። ቀለበት ሠርቶ ከላይ የሚታየህን ብቻ፣ በአልኮል በጠራ መርፌ ጫፉን አንሣና ተወው። የማይታየውን ቆፍረህ አትፈልግ።

ቶንዶስ፦
ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን በተቆጣ አንገት ላይ አዲስ ምላጭ ማስጀመር ስህተት ነው። መጀመሪያ ይረፍ። ለ3 ወይም 4 ሳምንት ምላጭ አይንካው፤ በቶንዶስ 1 ሚሊ ሜትር እያስቀረህ ቆይ። የተቀበረው ፀጉር ሲረዝም አብዛኛው በራሱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። አለቃህ ካስቸገረህ የሐኪም ወረቀት ጠይቅ፤ 1 ሚሊ ሜትር ጺም ከሩቅ ጥላ ነው የሚመስለው።

“ዜሮ አድርግልኝ” አትበል። ቶንዶሱን ቆዳ ላይ ጭኖ ዜሮ ማድረግ ከምላጭ አይለይም። ጥርሱ በሥራ ብዛት ሲግል ራሱ ያቃጥላል፤ እጅህ ጀርባ ላይ አስነክተህ ሞክረው። ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ፀጉሩ በብሩሽ ይጠረግ፣ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ፣ ዘይት ጠብ ይደረግበት። ምላጭ ከሆነ ዓይንህ እያየ ከወረቀቱ ይፈታ፤ ሄፓታይተስ ቢ በምላጭ ይተላለፋል፣ ቤት ውስጥም ቢሆን ከወንድምህ ጋር አትጋራ።

አንገቴ ነደደ፦
እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቶንዶስ። ከወሩ በኋላ ወደ ምላጭ ስመለስ ግን በየቀኑ መሆኑ ራሱ አይጎዳም?

ባለ ብረቱ፦
እንደ ሰው ቆዳ ነው። አንዳንዱ በየቀኑ ሲላጭ ይሻለዋል፤ ፀጉሩ ታጥፎ ቆዳ እስኪበሳ ጊዜ አያገኝም። ሌላው ደግሞ የተፋቀው ቆዳ ሳይድን እንደገና ስለሚፋቅ ይብስበታል። መጀመሪያ ለ2 ሳምንት አንድ ቀን ምላጭ፣ አንድ ቀን ቶንዶስ እያፈራረቅህ ሞክር። በቶንዶሱ ቀን አዲስ እብጠት ከበዛ በየቀኑ ተላጭ፤ በምላጩ ቀን ከበዛ እያፈራረቅህ ቀጥል። አገጭና ጉንጭህን በምላጭ፣ አንገትህን ሁልጊዜ በቶንዶስ ማድረግም ይቻላል፤ ያንተ ጉንጭ ደህና ስለሆነ እኔ ይህን ነበር የምመርጥልህ።

ቶንዶስ፦
ይኸኛው ይሻላል። የተጠቀምክበትን ምላጭ ደግሞ እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣለው፤ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ክዳኑን በቢላ ቀድደህ በስንጥቁ እየከተትክ አጠራቅመው፣ ሲሞላ በፕላስተር ዘግተህ ጣለው። ቆሻሻ የሚሰበስቡት እናቶች እጃቸውን ይቆርጣቸዋል።