«ተከትቦ የለም እንዴ? ታዲያ ለምን ታመመ?» ለሚሉ ወላጆች ምን እንበል?

ፋርማሲስት፣ ፒያሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጁ ስለሳለ ብቻ አሞክሲሲሊን ስጪኝ የሚል ወላጅ እዚህ አካባቢ ብዙ ነው። ያለ ማዘዣ አይሆንም ስንለው ሌላ ፋርማሲ ይሄዳል። ክትባት መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ይቀንሳል የሚባለውን እንዴት ላስረዳ? «ተከትቦ የለም እንዴ?» ለሚሉኝስ?

ማይክሮባዮሎጂ
እህቴ፣ አገራችን በ2004 ዓ.ም. የጀመረችው ፒሲቪ (ኒሞኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ የሚከላከል ክትባት) ልጁን ከሳንባ ምችና ከማጅራት ገትር ከመጠበቅ ያልፋል። ክትባቱ ያካተታቸው የኒሞኮከስ ዝርያዎች በልጁ አፍንጫና ጉሮሮ ማደሪያ ያጣሉ፤ ፔኒሲሊን የተላመዱት በብዛት ከእነዚሁ ስለነበሩ ያልተከተበ ታናሹም ሆነ አያቱ ይጠቀማሉ። ሌላው የሮታ ክትባት ነው፤ ሮታ የሕፃናት ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ግን ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር አንቲባዮቲክ በየቤቱ ይዋጣል። ተቅማጡ ከቀረ እንክብሉም ይቀራል፣ የአንጀት ጀርሞችም ሊላመዱት ዕድል አያገኙም።

ድክመቱን አንደብቅ። 7 ዝርያ የያዘው የመጀመሪያው ፒሲቪ ባጸዳው ቦታ 19ኤ የተባለው፣ ብዙ መድኃኒት የተላመደ ዝርያ ገባበት። 13 ዝርያ የያዘው ፒሲቪ13 ግን 19ኤንም ይዟል።

የክትባት ክፍል ነርስ
ተከትቦ ለታመመው፦ ሳል የሚያመጡት አብዛኞቹ ቫይረሶች ናቸው፣ ፒሲቪ አይመለከታቸውም። ካርዱንም ይዩት፤ የ6ኛው ሳምንት ተወግቶ የ10ኛውና የ14ኛው የቀረበት ልጅ ብዙ ነው።

የእኛም ጥፋት አለ። ፒሲቪና ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው፤ በረዶ ከሠሩ ኃይላቸው ይሞታል። ቪቪኤም (ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ቀለም የሚቀይር ምልክት) የሚያሳየው ሙቀትን ብቻ ስለሆነ በረዶ የመታው ቫያል (የክትባት ብልቃጥ) ደህና መስሎ ይወጋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በረዶው ላዩ ላይ ሳይቀልጥ የገባ አይስ ፓክ ሲነካው ነው፤ ሲወዘወዝ ውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ይቆይ። ከተጠራጠራችሁ ሼክ ቴስት (የመነቅነቅ ምርመራ) ሥሩ፦ የዚያው ዓይነትና ባች (የምርት ቁጥር) አንድ ቫያል ድርቅ እስኪል አቀዝቅዛችሁ ሳታሞቁ አቅልጡ፣ ከተጠረጠረው ጋር በአንድ እጅ ነቅንቁ፣ ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ እስከ 30 ደቂቃ ተመልከቱ። የተጠረጠረው ከቀዘቀዘው እኩል ወይም ቀድሞ ከዘቀጠ ይወገዳል።

የሕፃናት ሐኪም
ወላጁን በባዶ እጅ አትመልሺው። ልጁ ሳያለቅስ ደረቱ ይገለጥና ትንፋሹ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠር። ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ። ከ2 ወር በታች ከሆነ ሳይቆጠር ይሂድ። ከቁጥሩ በታች ሆኖ ከጠባና ከተጫወተ አሞክሲሲሊን አያስፈልገውም። የቀረ ክትባት ካለው ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ ቀኑ አልፏል ብለው እንዳይቀሩ ንገሪያቸው፣ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም።

ፋርማሲስት፣ ፒያሳ
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። የትንፋሹን ቁጥር ጽፌ ባንኮኒው ላይ እለጥፈዋለሁ።